የሰኔ መልቀቂያዎቼ

እናንተ ዘንድ ክረምት ሲገባ ጅቡቲ ላይ እሳት ይገባል። ካምሲን የሚሉት ነፋስ ከበረሃ ይነሳል፤ ነፋስ ከማለት የዳቦ ምድጃ ተከፍቶ ተረሳ ማለት ይቀላል። የመጋዘን በር በጨርቅ ካልሆነ አይያዝም። ገንዘብ ያለው ፈረንሳይ ይሄዳል፣ ዘመድ ያለው ደጋ ይወጣል፣ ሁለቱም የሌለው ቆርቆሮ ሥር ይጠበሳል። እኔ ገንዘብ አልነበረኝም፤ ሐረር ግን እህት ነበረችኝ። ከእህቴ ሌላ ደግሞ ብልጠት ነበረኝ። ጉድ የሠራኝም እሱ ነው።

የመጣሁት በፈረንጆቹ 1998 መጨረሻ ላይ ነው። ጦርነቱ የአሰብን መንገድ ዘግቶ የአገሬ ዕቃ ሁሉ ወደዚህ ወደብ ሲጎርፍ፣ አማርኛ የሚያነብ፣ ሹፌር የሚያባብል፣ ፈረንሳይኛ ባያውቅም ፈረንሳይኛ የሚመስል ነገር የሚያጉተመትም ሰው ተፈለገ። ሦስቱንም እችል ነበር። በአንድ የትራንዚት ድርጅት መጋዘን ውስጥ ጭነት አስረካቢ ሆኜ ተቀጠርኩ። ለአንድ ዓመት ብዬ ነው ታዲያ። እዚህ ያለን ሐበሾች ሁላችንም ለአንድ ዓመት ነው የመጣነው። ካርቲዬ ሁለት በሚባለው ሰፈራችን አንድ ጎረቤቴ ሠላሳ ዓመት ሙሉ “ለአንድ ዓመት” ኖሯል፤ አልጋ አይገዛም፣ “ስሄድ ምን አደርገዋለሁ?” እያለ ፍራሹን መሬት ላይ ያነጥፋል። ለአንድ ዓመት የመጣ ሰው ደግሞ ስለ ጡረታ አያስብም። ማሰብም ነውር ይመስለዋል፤ አገሩን የካደ ያህል።

የመጀመሪያው ሰኔ ሲቃረብ አለቃዬ ዘንድ ገባሁና የሦስት ወር ፈቃድ ጠየቅሁ። ሰውዬው ጅቡቲያዊ ነጋዴ ነው፤ ሳይስቅ የሚያስቅ።

“ያለህ የአንድ ወር ፈቃድ ነው” አለኝ። “ሦስት ወር ከፈለግህ በወረቀት ልቀቅ። መስከረም ላይ ስትመጣ እንደ አዲስ እቀጥርሃለሁ።”

“በየዓመቱ?”

“በየዓመቱ። አንተ ካልሰለቸህ እኔ አይሰለቸኝም።”

ያን ቀን ዓለም የተሠራችው በእኔ ልክ መሰለኝ። በቀጥታ ፕላቶ ዱ ሰርፓን ወደሚባለው ሰፈር ሄድኩ። መሥሪያ ቤቶቹ ደጃፍ ላይ ታይፕ ይዞ የሚቀመጥ ጸሐፊ ነበር፤ በፈረንሳይኛ መልቀቂያ ጻፍልኝ አልኩት። “በግል ጉዳይ ምክንያት ሥራዬን በፈቃዴ ለቅቄአለሁ” ይላል። ቀኑን ክፍት እንዲተው ነገርኩት።

“ለምን?” አለኝ።

“በየዓመቱ እየመጣሁ ላስቸግርህ?”

ሠላሳ ፎቶ ኮፒ አስነሳሁ። ሰው ለልጁ መሬት ይገዛል፣ እኔ ለራሴ የሠላሳ ዓመት መልቀቂያ ገዛሁ። ከዚያ በኋላ በየሰኔው አንዱን እመዝና ቀኑን በእስክሪብቶ ሞልቼ፣ አለቃዬን አስፈርሜ፣ ባቡሩ እስካለ በባቡር፣ ባቡሩ ሲቀር በጭነት መኪና ጋቢና ወደ ደጋ እወጣለሁ። የግል ጉዳዬ ብርድ ልብስ ነበር።

መጋዘኑ ውስጥ አንድ ሶማሌ ባልደረባ ነበረኝ፤ ቁልፍ ያዥ። አማርኛ የተማረው ከሹፌሮች ስለሆነ ከሰላምታ በፊት ስድቡን ነበር የቻለው። እዚህ በጋ የምንለው የእናንተን ክረምት ነው፤ እሱ አንድም በጋ ከተማውን ለቆ አያውቅም። መስከረም ላይ ስመለስ እርጥብ ፎጣ ጭንቅላቱ ላይ ጥሎ፣ ከስቶ፣ ጠቁሮ አገኘዋለሁ። እኔ ደግሞ የእህቴን ቅቤ ጠግቤ ፊቴ ያብረቀርቃል።

“ሁለት ብርድ ልብስ!” እለዋለሁ ገና ከበሩ። “አንድ አልበቃ ብሎኝ!”

“ዋላል” ይለኛል፣ ወንድሜ ማለቱ ነው። “የሐረር ጅቦች ደህና ናቸው?”

“ሰላም ብለውሃል። ‘ያ ጓደኛህ ሲበስል ጥራን’ ብለዋል።”

“ሳቅ፣ ሳቅ። አንተ ትስቃለህ፣ የእኔ ላብ ይጻፋል።”

ይህን ሲል የደሞዝ ወረቀቱን ያወጣና አንዲት መስመር በጣቱ ይመታል። የጡረታ መዋጮ የምትቆረጥባት መስመር ናት። እኔ ያቺን መስመር እንደ አይጥ ነበር የማያት፤ በየወሩ ከቂጣዬ የምትቀረጥፍ አይጥ። ሐረር ቁጭ ብዬ “ቢያንስ ሦስት ወር አይጧን አስርቤአታለሁ” እያልኩ እደሰት ነበር። አይጧ ስትራብ የተራበው ማን እንደሆነ ለማወቅ አሥራ ሰባት ዓመት ፈጀብኝ።

ሚስቴን ያገኘሁት እዚሁ ነው። የምድር ባቡር ቤተሰብ ልጅ ናት፣ እዚሁ ተወልዳ እዚሁ ያደገች። ሀራሙስ፣ ባሕሩ ዳር፣ አንድ ቪላ ውስጥ ልብስ አጣቢና ተኳሽ ነበረች። የምትተኩስበት ክፍል ከግቢው ጥግ ያለች፣ መስኮቷ የመጽሐፍ ገጽ የምታህል ናት። በጋ ሲሆን የውጭው ሙቀትና የካውያው እንፋሎት ተደራርበው ደረቷን ይዘጉታል፣ ያስላታል። ከእኔ ጋር ነይ ስላት “ሁለታችንም ከሄድን የቤት ኪራዩን ማን ይከፍላል?” ትለኛለች። እውነት ነው። እኔም እውነትን ስለማከብር ብቻዬን እሄድ ነበር።

ቃል ግን ገብቼላታለሁ። “ጡረታዬ የወጣ ቀን ያን ካውያ ትጥይዋለሽ” እላት ነበር።

“እስከዚያ እሱ ካልጣለኝ” ትላለች።

ጡረታ ልወጣ ሁለት ዓመት ሲቀረኝ፣ በፈረንጆቹ 2016 መጀመሪያ፣ ቀድሜ ልጠይቅ ብዬ ወደ ጡረታ መሥሪያ ቤቱ ሄድኩ። ተዘጋጅቼ ነው የሄድኩት። በየሰኔው የተፈረሙልኝን መልቀቂያዎች አንድም ሳልጥል አስቀምጬ ነበርና በቀን ቅደም ተከተል ደርድሬ በሰማያዊ ክር ሰፋኋቸው። የአለቃው ፊርማ አለ፣ ማኅተም አለ፤ ከዚህ በላይ ማስረጃ ከየት ይምጣ? መስኮቱ ላይ የተቀመጠችው ጣቶቿን ሂና የሞቀች ሴት ናት። አክብራ “አዴር” አለችኝ፣ አጎቴ እንደማለት ነው።

“ይህን ማን አምጣ አለህ፣ አዴር?”

“ማንም አላለኝ፣ ማዳም። ራሴ ነኝ ያዘጋጀሁት። እዚያ ድርጅት አሥራ ሰባት ዓመት ለመሥራቴ ማስረጃ ነው።”

አንደኛውን አነበበች። ሁለተኛውን አነበበች። ሦስተኛውን ገልብጣ ጀርባውን አየች፣ ምናልባት ልዩነቱ እዚያ ይሆናል ብላ። ከዚያ ጎኗ ያለውን ጸሐፊ ጠራችው፤ እሱም አነበበ። አልሳቁም። ሳቃቸውን ሲውጡት ግን ጉሮሯቸው ላይ አይቻለሁ።

“አዴር” አለች ዝግ ብላ፣ “ይህ ለመሥራትህ ማስረጃ አይደለም። ላለመሥራትህ ነው። አሥራ ሰባት ጊዜ በፈቃድህ ለቅቀሃል።”

“ግን ተመልሻለሁ!”

“ተመልሰሃል፣ እሱም ተጽፏል። መሃሉ ነው ያልተጻፈው።”

ወረቀት ላይ መስመር አሰመረችና የተከፈለበትን ወር እያጠቆረች ያልተከፈለበትን ባዶ ተወችው። ጥርሱ የረገፈ ማበጠሪያ ሆነ። በዓመት ሦስት ጥርስ፣ አሥራ ሰባት ዓመት፤ ሃምሳ አንድ ወር። አራት ዓመት ከሩብ የሚሆን ዕድሜዬ ሐረር ብርድ ልብስ ሥር ቀርቷል።

“ጡረታህ የሚሰላው በተከፈለው ወር ነው። በጎደለ ቁጥር የሚደርስህ ያንሳል።”

“የጎደለውን አሁን ብከፍለውስ?”

“ላልሠራኸው ወር መዋጮ የለም፣ አዴር። የሚቻለው ከዚህ በኋላ አለማጉደል ነው።”

የሚደርሰኝን አሰላችልኝ። ቁጥሩን አልነግራችሁም። የቤት ኪራዩን ይችላል፣ ምሳውን አይችልም። ካውያውን ለማስጣልማ ጭራሽ አያስብም። ጥራዜን በሁለት እጇ መለሰችልኝ፣ የሟች ፎቶ እንደሚመለስ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ። እዚያ መስኮት ላይ ሁለታችንም ነበርን።

ቤት ስገባ ለሚስቴ ሳልደብቅ ነገርኳት። ድንች እየላጠች ነበር።

“ስንት ወር?” አለች።

“ሃምሳ አንድ።”

“ጳጉሜንስ ቆጥረውልሃል?”

ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። ድንቹን ልጣ ጨረሰችና “እንግዲህ ካውያው ገና አልበረደም ማለት ነው” ብላ ተነሳች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ያን ዓመት ሰኔ ሊገባ ሲል አለቃዬ ዘንድ ሄጄ “ዘንድሮ አልለቅም” አልኩት። መነጽሩን አውልቆ አየኝ።

“አልችልም፣ ሰውዬ። አንተ በሌለህበት የሚተካህ ሰው በየሰኔው ይመጣል። ስምንት በጋ ሠርቷል፤ ያን ሦስት ወር አምኖ ነው ቤቱን የሚያስተዳድረው። አንተ ወፍ ነህ። ወፍ ‘ዘንድሮ አልሄድም’ ሲል ማን ያምነዋል?”

እንግዲህ ላባረር ነው፤ ያውም ራሴ ባመጣሁት ልማድ። መላውን ያገኘችው ሚስቴ ናት። የቪላው የቀን ዘበኛ በየበጋው ሥራውን ጥሎ አገሩ የሚወጣ ሰው ነበር።

“አንተን የመሰለ ነው” አለችኝ፣ “ሰኔ ሲገባ ይጠፋል። ባለቤቶቹ ግን ሰው የሚቀጥሩት በወረቀት ነው፣ መዋጮውንም ይከፍላሉ። ትችላለህ?”

“ዘበኝነት ምን አለው? ቁጭ ማለት አይደል?”

ምን እንዳለው አየሁት። የዘበኛ ቤቷ ቆርቆሮ ናት። እኩለ ቀን ላይ ሰው ውስጧ ሲገባ እንደ ሽሮ ይንተከተካል። በሦስተኛው ቀን እርጥብ ፎጣ ጭንቅላቴ ላይ ጣልኩ። በአራተኛው ቀን ሳሉን ሰማሁት።

የተኳሽዋ ክፍል ከበሩ ሃያ እርምጃ ናት። ከመስኮቷ መጀመሪያ የካውያው ‘ፍሽሽ’ ይወጣል፣ ከዚያ ሳል፣ ከዚያ ዝምታ፣ ከዚያ እንደገና ‘ፍሽሽ’። ዝምታው በረዘመ ቁጥር ከወንበሬ ብድግ እላለሁ። እንደሚያስላት አውቅ ነበር፤ መስከረም ላይ ስመለስ በአንድ አረፍተ ነገር ይነገረኝ ነበርና። መስማትና ማወቅ ግን አንድ አይደሉም። አሥራ ሰባት ሰኔ ሙሉ ሐረር ድረስ አልተሰማኝም።

ባልደረባዬ አንድ ቀን ሊጠይቀኝ መጣ። በዚያ ዓመት ጡረታ ወጥቶ ነበር፣ ሙሉውን፣ አንድ ጥርስ ሳይጎድል። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ጺሙ ሂና የተቀባ፣ እጁ ላይ በፌስታል በረዶ። በሩ ላይ ቆሞ ከፎጣዬ እስከ ጫማዬ አየኝ። ይህን ቀን ስንት ዓመት እንደጠበቀው ከዓይኑ ያስታውቃል።

“ዋላል” አለኝ፣ “ብርድ ልብስ ላምጣልህ?”

“በለው፣ በለው። የዘራሁትን ነው።”

“ጅቦቹ ሰላም ብለውሃል። ‘በስሏል ወይ?’ አሉኝ።”

“አንድ ጎኑ ይቀረዋል በላቸው።”

በረዶውን ሰጠኝ። ግማሹን ለሚስቴ ወሰድኩላት። ከዚያ ቆርቆሮዋ ሥር ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ እሱ የተጻፈውን ላቡን ይበላል፣ እኔ የእኔን አጽፋለሁ።

መስከረም ላይ ወደ መጋዘኔ ተመለስኩ። በ2017 ሰኔ ሊገባ ሲል፣ ሚስቴ ሳትነግረኝ ያችው የጡረታ መስኮት ዘንድ ሄዳ ኖሯል። ማታ መጥታ ወረቀት ዘረጋችልኝ። ማበጠሪያው አንድም ጥርስ አልጎደለውም፣ የጡረታዋም ጊዜ ደርሷል። ከእኔ ባነሰ ደሞዝ፣ ከእኔ የበለጠ ጡረታ። እሷን ጡረታ ላወጣ ቃል የገባሁት ሰውዬ ወረቀቱን ሁለቴ አነበብኩት።

“ከነዚያ ደብዳቤዎችህ የተረፈ አለ?” አለችኝ።

“አሥራ ሦስት።”

“አንድ ስጠኝ።”

ስሜን ሰርዛ ስሟን ጻፈች፣ ቀኑን ሞላች። ሠላሳ ኮፒ ባስነሳሁ ለመጀመሪያ ጊዜ አንዱ ለቁም ነገር ዋለ።

“የግል ጉዳይሽ ምንድን ነው?” አልኳት።

“ብርድ ልብስ” አለች።

ለክረምቱ እህቴ ዘንድ እንድትሄድ አውቶቡስ ላይ አሳፍሬአት ወደ ሀራሙስ፣ ወደ ቆርቆሮዬ ተመለስኩ። የተኳሽዋ ክፍል ውስጥ ሌላ ሴት ገብታለች፤ ይህችኛዋ ታንጎራጉራለች።

በሳምንቱ ሚስቴ ደወለችልኝ። ዝናብ እንደሚዘንብ፣ እህቴ ሁለተኛ ብርድ ልብስ እንዳለበሰቻት ነገረችኝ። እኔ የምትለውን በግማሽ ጆሮ ነው የሰማሁት። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ሳሉን ነበር የምጠብቀው። ከሐረር እስከ ሀራሙስ አንድም ጊዜ አላሳላትም።

“ጅቦቹስ?” አልኳት።

“ስላንተ ጠየቁኝ። ትንሽ ታገሱ፣ ገና ጥሬ ነው አልኳቸው።”