የሙዘይን የመስኮት ክፈፍ

ሙዘይን ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነበር። በሬ ረግጦት ቀኝ ጉልበቱ አልታጠፍ ካለ ወዲህ ማረስ አልቻለም። ስለዚህ በ1973 ዓ.ም. የአርዲቦ ዳር ገበሬ ማኅበሩ ሐይቅ ከተማ ለሚሰጠው የአናጺነት ሥልጠና አንድ ሰው ምረጡ ሲባል እሱን ላከው። የሥልጠናው ደንብ አጭር ነው፤ ሠልጣኙ እስከ መጀመሪያው ቅዳሜ የሠራው የመስኮት ክፈፍ ማዕዘኑ ካልገጠመ፣ ሰኞ በቦታው ሌላ ሰው ይገባል። ሙዘይን ደግሞ ሌላ መተዳደሪያ አልነበረውም።

አሠልጣኙ ኃይለ መስቀል የሃያ አምስት ዓመት ወጣት ነው። ሠልጣኞቹ ፊደል የለዩት በቅርቡ፣ በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ፣ እንዳይቸገሩ ብሎ ሥራውን በአምስት ሥዕል ሰሌዳው ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ደረደረላቸው፦ መለካት፣ መቁረጥ፣ በመሮ መብሳት፣ በኮላ ማጋጠም፣ በመላጊያ ማለስለስ። መልካም ሐሳብ ነበር። ቁጥር ግን አልጻፈበትም። ከዚያ የጎደለ መሣሪያ ሊረከብ ወጣ።

ሙዘይን በልጅነቱ ስድስት ዓመት ቁርኣን ቤት ተምሯል። አማርኛውን ሳይቀር በዐረብኛ ፊደል፣ ከቀኝ ወደ ግራ ይጽፋል፤ በአገሩ ዐጀሚ ይሉታል። የአማርኛ ፊደል ከግራ እንደሚነበብ መሠረተ ትምህርት አስተምሮታል። ሥዕል ከየት እንደሚጀመር ግን ማንም አልነገረው።

ስለዚህ ከቀኝ ጀመረ። የታደለውን አራት እንጨት አለሰለሰ፤ ይህ ማንንም አላስገረመም። ቀጥሎ ሳይለካ፣ ሳይቆርጥ በኮላ አጣበቃቸው። ግራ ገብቶታል። ነገር ግን እሱ ባደገበት ቁርኣን ቤት ተማሪ በእንጨት ሰሌዳው፣ በሉሁ ላይ የተጻፈለትን ይይዛል እንጂ የሚያስተምረውን ሸኽ ለምን ብሎ አይጠይቅም። የተጣበቀውን በመሮ መውጋት ሲጀምር ከአምባሰል የመጣው ሠልጣኝ ጠሃ አየው።

«አንተ ሙዘይን፣ መስኮት ነው ቃሬዛ የምትሠራው?»

«ሰሌዳው ያለኝን ነው።»

«ሰሌዳው አስከሬን አለ እንዴ?»

በሳቁ መሐል ኃይለ መስቀል ተመለሰ። ፊቱ ተለዋወጠ፤ እንጨት ለአንድ ሰው የሚታደለው አንዴ ብቻ ነው።

«ከየት ነው የጀመሩት?»

ሙዘይን በቀኝ ጫፍ ያለውን ሥዕል አሳየው። «ከመጀመሪያው።»

አሠልጣኙ ሰሌዳውን ቆሞ አየ። «ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። «ደንቡን ግን እኔ አላወጣሁትም። ሌላ እንጨትም የለኝ።»

«ኮላው እኮ አልደረቀም፣ ጓድ። ሙቅ ውኃ ካገኘሁ አላቅቀዋለሁ።»

አላቀቀው። መሮ የነካውን ጫፍ ሁሉ ቆርጦ መጣል ነበረበት፤ ክፈፉ ማነሱ ነው። በቀረችው እንጨት ላይ ሁለቴ ሦስቴ እየለካ፣ አንዴ እየቆረጠ፣ እግሩን ዘርግቶ ሦስት ቀን ሠራ።

ቅዳሜ ከሰዓት ኃይለ መስቀል ማዕዘን መለኪያውን በአራቱም ጥግ አስገባ። ገጠመ። ክፈፉን በሁለት እጁ ይዞ ነቀነቀው፤ አልተንቀጫቀጨም።

«አንሷል፤ ግን ደህና ነው። ሰኞ በር እንጀምራለን» አለ፣ ሊዘጋ ቁልፉን እያወጣ። «ያልገባዎትን ግን ይጠይቁኝ፤ ለሁለታችንም ይበጃል።»

ሙዘይን ትንሽ አመነታ። «እንግዲያው አንድ አለኝ። ኮላ ካለ፣ መብሳቱ ለምን አስፈለገ?»

ኃይለ መስቀል ቁልፉን ወደ ኪሱ መለሰና አጠገቡ ተቀመጠ።