ለሳተላይቱ የሰጠሁት ራዲዮ

ባለቤቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ክረምት ላይ ወደ ደቡብ እህል ጭኖ ሲሄድ ናዳው ከነመኪናው ወሰደው። ዘመዶቼ ከወሎ ድረስ ለለቅሶ መጡ፣ ሰነበቱ፣ ተመለሱ። እኔ ቡታጅራ ቀረሁ። ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ ቤት ውስጥ የሚያወራኝ ራዲዮው ብቻ ነበር። ባለቤቴ ቤት ያደረ እንደሆነ ጠዋት ፊቱን እየተላጨ የሚሰማው ራዲዮ ነው፤ አንቴናው ቢሰበር በሽቦ ቀጥሎታል።

ያ ናዳ ብዙ ሰው ስለፈጀ፣ በዓመቱ መንግሥት ሳተላይት ሊያመጥቅ ነው፣ ሕዝቡም ያዋጣ ተባለ። በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተሰበሰብን። ከዞን የመጣው ኃላፊ፣ ራሱ ሠርቶት የመጣ ይመስል፣ ሳተላይቱ መሬቱ ገና መሰንጠቅ ሲጀምር ከላይ አይቶ ያስጠነቅቃል አለን።

አንድ ሽማግሌ ተነሡና፣ "ደመና ሲሆንስ ያያል ወይ?" ብለው ጠየቁ።

ሰዉ ሳቀ። እኔ ግን መልሱን ለመስማት አንገቴን አስግጌ ነበር፤ ባለቤቴ የሄደ ቀን ሰማዩ ደመና ነበር። ኃላፊው "ያያል" አለ። አመንኩት፣ ማመን ስለፈለግሁ።

እኛ ዘንድ መዋጮ ያለ ጨረታ አይደምቅም። አንዱ ዶሮ ይዞ ይመጣል። የገዛው ሰው "ይመለስና እንደገና ይሸጥ" ይላል። ያቺው ዶሮ አዳራሹን ስትዞር ትውልና በስተመጨረሻ ያሸነፈው ለሰጪው መልሶ ያስረክባል። ይህን ስለማውቅ ነው ራዲዮውን ያወጣሁት። ከደሞዜ የሚቆረጠው መዋጮ የእኔ ነው፤ የባለቤቴም እጅ ይኑርበት ብዬ። ይዤው እንደምመለስ አልተጠራጠርኩም።

ራዲዮው ከእጅ እጅ ሲዞር ቆየና ሐጂ አሸነፉ። ሐጂ ከአጥሬ ጎን ሱቅ ያላቸው ጎረቤቴ ናቸው። አዳራሹ አጨበጨበ። ልቀበላቸው ብድግ ስል፣ ራዲዮውን በፎጣቸው ጠቀለሉት፣ ብብታቸው ሥር ሸጎጡት፣ ወጡ።

ምን ልበላቸው? ለአገር የሰጡትን መልሱልኝ ማለት ያሳፍራል። ቤቴ ገብቼ ለቅሶው ላይ እንኳ ያላለቀስኩትን አለቀስኩ። ሐጂንም በልቤ ሰደብኳቸው።

በማግስቱ ጨው ልገዛ ሄድኩ። ራዲዮው መደርደሪያው ላይ፣ ከሳሙናው አጠገብ፣ እሱ በተወው ጣቢያ ላይ ሆኖ ያወራል። ዜናው እስኪያልቅ ቆምኩ። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት መሄድ ጀመርኩ፦ ክብሪት፣ ሳሙና፣ ደግሞ ጨው። አንድ ሰው የማይጨርሰው ጨው ቤቴ ተከመረ።

አንድ ጠዋት ሐጂ ገና ሲያዩኝ ተጣድፈው ራዲዮውን ዘጉት።

"አፉ በይኝ ልጄ" አሉ። "ባየሽው ቁጥር ሐዘንሽ እንዳይቀሰቀስ ብለሽ መስጠትሽ ገብቶኛል። ለዚህ ነው መልሼ ያላስረከብኩሽ። አላህ ያጽናሽ። ድምፁ የሚረብሽሽ ከሆነ ወደ ጓዳ ላስገባው።"

"ኧረ ሐጂ፣ እኔ እኮ የሚመልሱልኝ መስሎኝ ነው" የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። አንድ ቃል ብናገር ራሳቸው ተሸክመው እቤቴ ያደርሱልኛል። ግን ከመለሱልኝ ነገ በምን ሰበብ እመጣለሁ? ከቤቴ ስወጣ "እንዴት አደርሽ?" የሚለኝ ከእሳቸው ሌላ ሰው የለኝም።

"ይክፈቱት ሐጂ" አልኳቸው። "ጨውም ይስጡኝ።"