ሳንቃ በር ላይ የታጠበው ሸሚዜ

ሥራዬን ለሰው ማስረዳት ሁሌም ይቸግረኛል። የምሠራው ባሕር ማዶ፣ አንድ የነዳጅ ማጣሪያ ውስጥ ነው፤ ድፍድፍ ነዳጅ ከመጣራቱ በፊት ያለበትን ጨው እለካለሁ። ባለፈው ለዕረፍት ደባርቅ መጥቼ ተራራው ላይ ወዳለው የድንኳን ሰፈር፣ ወደ ሳንቃ በር፣ ስንወጣ፣ በቅሎ ነጂው አያ ፈንታ ምን እንደምሠራ ጠየቁኝና ይህንኑ ነገርኳቸው።

«ነዳጅ ደግሞ ጨው አለው?» አሉ።

«አለው። ካልወጣ ቧንቧውን ይበላዋል። ስለዚህ በንጹሕ ውሃ እናጥበዋለን፤ ጨዉ ወደ ውሃው ይሄዳል።»

«ውሃውንስ?»

«ከነጨዉ ይደፋል።»

አያ ፈንታ ቀጥ ብለው ቆሙ። «ጨው ትደፋላችሁ? ከብት የለም እንዴ እዚያ አገር?»

እኛ ጋ የለም አልኳቸው። ከዚያ በኋላ እስክንደርስ ድረስ አልፎ አልፎ ዞር እያሉ፣ እህል የደፋ ሰው እንደሚታይ ያዩኛል።

ሳንቃ በር ስንደርስ ሸሚዜ ላቡ ደርቆበት ጀርባው ላይ ነጭ ጨው አውጥቷል። አውልቄ ላጥበው ስል አያ ፈንታ ከእጄ ወሰዱት።

«አንተ እረፍ፣ ልጄ። እኔ አጥብልሃለሁ።»

በእርስዎ ዕድሜ እንዴት ተደርጎ ብዬ ብለምናቸው እምቢ አሉ። ታረቁኝ ብዬ ደስ አለኝ።

ቆየት ብዬ ብፈልጋቸው ከድንኳኑ ጀርባ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ሸሚዜ ግንድ ላይ ተዘርግቷል፤ ሁለቱ በቅሎዎች ግራና ቀኝ ቆመው ይልሱታል። አንዱ እጅጌ የለም።

«ታጥቦ ሊያልቅ ነው» አሉኝ ሳይነሱ። «ቅንጣት ታህል ጨው አልተደፋም።»