ልጄ የምትነዳው ባቡር በማሪዮን ሲያልፍ

ቅዳሜ ጠዋት ኮለምበስ ካለው ሰፈራችን ከኢስትሙር የወጣነው ባቡር ለማየት ነው። ልጄ ሜላት ሥልጠናዋን ጨርሳ የጭነት ባቡር ነጂ ሆናለች፤ የዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ በማሪዮን ከተማ በኩል ታልፋለች። የኔ ምኞት ነርስ እንድትሆን ነበር። ያን ሁሉ ብረት አስከትላ ስትሄድ ማሰቡ ራሱ እንቅልፍ ይነሳኛል። ጎረቤቴ ጋሼ ግርማ ግን "እስቲ መጀመሪያ እያት፤ ከዚያ ትፈሪያለሽ" ብለው በመኪናቸው ሊወስዱኝ ተነሡ። ጋዙን እኔ ልሙላ ብላቸው እምቢ አሉኝ።

መንገዱ

ሃያ ሦስት ቁጥር አውራ ጎዳናን ይዘን ወደ ሰሜን ነዳን። እስከ ደላዌር ከተማ ድረስ ሱቅና የትራፊክ መብራት ነው። ከዚያ ወዲያ አገሩ ሜዳ ሆነ፤ በቆሎው ተሰብስቦ የተቆረጠ አገዳው ብቻ ቀርቷል። ጋሼ ግርማ ያደጉት ድሬዳዋ፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ነው። ድሬዳዋን የወለዳት ባቡር መሆኑን እያጫወቱኝ ደረስን።

ጣቢያው

ሰው የሚጭን ባቡር ማሪዮን መቆም ከተወ ብዙ ዘመን ሆኖታል። የከተማው ሰዎች ግን የጡቡን ጣቢያ አላስፈረሱትም፤ ሙዚየም አድርገው ይዘውታል። ከፊቱ ሐዲዶቹ መስቀለኛ ሆነው ይተላለፋሉ፤ የጭነት ባቡር ዛሬም ይመላለስባቸዋል። በር ላይ የተቀበሉን ሚስተር ዴል የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው፤ አባታቸውም አያታቸውም የባቡር ሠራተኞች ነበሩ። ወታደር ወደ ጦርነት ሲሄድ እናቶች እዚሁ ቆመው ይሸኙ እንደነበር ነገሩን።

"ትንሽ ከተማ ይሉናል" አሉ፤ "ግን የአገሩ እህልና ብረት በደጃችን ነው ያለፈው።"

ማንን እንደምጠብቅ ጠየቁኝ።

"ልጄን ነው። ነጂዋ እሷ ናት።"

ሽማግሌው ወንበራቸውን አንሥተው አጥሩ ሥር አስቀመጡልኝ።

የጭነት ባቡር ይህ ነው የሚባል ሰዓት የለውም። የያዝነውን ሳንድዊች በላን። ሁለት ባቡሮች አለፉ፤ ሁለቱም የሷ አልነበሩም። አመለጠችን ብዬ ልነሣ ስል ከደቡብ በኩል ጡሩምባ ተሰማ። መሬቱ ከእግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ። ባቡሩን የሚጎትተው ግዙፍ ሞተር እየቀረበ መጣ፤ ከመስኮቱ ውስጥ፣ ቀጥ ብላ ተቀምጣ፣ ዓይኗን ከሐዲዱ ሳትነቅል፣ የኔ ልጅ። ባጠገባችን ስታልፍ አንድ እጇን ብቻ አነሣች።

ሳላስበው እልል አልኩ። እንደኛ ባቡር ሊያይ መጥቶ አጥሩ ዳር የቆመው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ፤ እኔ ግን አላፈርኩም። ጋሼ ግርማ ዓይናቸውን ጠረጉ። የፉርጎው ሰልፍ አልፎ እስኪያልቅ ሚስተር ዴል ኮፍያቸውን አውልቀው ቆሙ።

መልስ

ወደ ኮለምበስ ስንመለስ ማሪዮኖች ያን ቤት ጠብቀው ያቆዩት ለጡቡ ብለው እንዳልሆነ ገብቶኛል፤ አባቶቻቸው በሠሩት ሥራ ይኮራሉ። ፍርሃቴ አልለቀቀኝም፤ ኩራቱ ግን በለጠው።

ማታ ሜላት ከምታድርበት ሆቴል ኮል አደረገችልኝ።

"ማም፣ አይ ሶው ዩ" አለችኝ።

"እኔም አየሁሽ" አልኳት። "ደግሞ መቼ ነው የምታልፊው?"