የእናቴን ድምፅ ፍለጋ ወደ ጎበሳ

ቅዳሜ፣ ንጋት 12 ሰዓት፣ አሰላ

መናኸሪያው ገና ጉም ለብሷል። እናቴን ደግፌ ሚኒባሱ ላይ ሳወጣት ቀኝ እግሯ ደረጃው ላይ ቀረ፤ ጎንበስ ብዬ በእጄ አነሳሁላት። ስትሮክ ከመታት አራት ወር ሆናት። እግሯስ እየተሻለው ነው፤ አፏ ግን እስካሁን አንድ ቃል አላወጣም። ሆስፒታል ያለችው ነርስ፣ የጎንደር ልጅ ናት፣ «መናገር ያቃታቸው አንዳንዴ መዘመር ይችላሉ፤ እስቲ ሞክሩ» ብላን ነበር። እኛም የቤተ ክርስቲያኗን መዝሙር በስልክም በአፍም አወረድንባት። ምንም የለም። አሁን የልጅነት ጓደኛዋ እማማ አሚና ዘንድ እየወሰድኳት ነው። ልጃገረድ ሳሉ ሠርግ ላይ አብረው ይዘፍኑ ነበር። ታላቅ ወንድሜ «ጌታን ካገኘች ወዲህ የተወችውን ዘፈን!» ብሎ አኩርፏል። ይህም ካልሆነ ምን እንደማደርግ አላውቅም።

2 ሰዓት፣ ሳጉሬ

የገበያ ቀን ነው። ገብስ በጆንያ የጫኑ ጋሪዎች መንገዱን ዘግተውታል። ቆሎ ገዛሁና እናቴ መዋጥ እንደሚያስቸግራት ትዝ ሲለኝ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። ሾፌሩ መንዙማ ከፍቷል። በመስታወቱ አየን።

«እናትህ ናቸው? ከረበሻቸው ላጥፋው።»

«ተወው፣ ምናልባት ይጠቅማት ይሆናል።»

«ይጠቅማል ኮ! የኔን ራስ ምታት የሚያስለቅቀው እሱ ነው።»

አፏን አፏን አያለሁ። ከንፈሯ አልተነቃነቀም። ዳገቱ ሲጀምር እጇ በረደብኝ፤ ትንፋሿን ማዳመጥ ጀመርኩ። ከሐኪም አርቄ እዚህ አውጥቻት የሆነ ነገር ብትሆንብኝስ?

5 ሰዓት፣ ጎበሳ

እማማ አሚና በር ላይ ቆመው ጠበቁን። «ያ ጫልቱ!» ብለው እናቴን በኦሮምኛ በስሟ ጠርተው አቀፏት፤ አለቀሱ፣ ሳቁ፣ ገንፎ በቅቤ አቀረቡ። እናቴ ሦስት ማንኪያ ቀመሰች። ከዚያ እማማ አሚና በኦሮምኛ አንድ ስንኝ አወጡና ዝም አሉ። እናቴም ዝም። ደግመው አወጡ፤ አሁንም ዝም። ጭንቀቱ አላስችለኝ ብሎ ላግዛት አፌን ስከፍት ተቆጡኝ።

«አንተ ዝም በል! ቦታው ያንተ አይደለም ኮ። እኔ አወጣለሁ፣ ጫልቱ ትቀበላለች።»

«እኛም እኮ ዘምረንላታል፣ እማማ።»

«እናንተ ሁሉንም ጨርሳችሁ ዘመራችሁ። ለሷ ምን ተረፋት?»

አፈርኩ። በመዘምራኑም ውስጥ ዕድሜዋን ሙሉ ተቀባይ ነበረች፤ አንዳችንም አላሰብነው። አምስተኛው ላይ ይሁን ስድስተኛው፣ ከእናቴ ጉሮሮ የሻከረ ድምፅ ወጣ። ቃሉ ግማሹ የለም፤ ዜማው ግን ልክ ነው። እማማ አሚና ምንም እንዳልተፈጠረ ቀጣዩን ስንኝ አወጡ። እኔ ውጭ ወጥቼ አለቀስኩ።

9 ሰዓት፣ የመልስ መንገድ

ጎበሳን እንደለቀቅን ፍርሃቱ ተመልሶ ያዘኝ። ድምፁ እዚያው ቀርቶ ቢሆንስ? ተሳፋሪው ቢያየኝም ይየኝ ብዬ የምትወደውን መዝሙር የመጀመሪያ መስመር አወጣሁና ዝም አልኩ። መስኮቱን ታያለች። ደገምኩ። መልስ የለም። በድንጋጤ እያፈጠንኩ ለሦስተኛ ጊዜ ስጀምር ደህናውን እጇን አንስታ አፌ ላይ አደረገች።

«ቀስ» አለች።

በአራት ወር በንግግር የሰማሁት የመጀመሪያ ቃሏ ቁጣ ነው። እጇን ከአፌ ላይ አነሳችና እንደገና እንዳወጣላት ጠበቀችኝ።