ሰማንያ እርካብ

ጥርስ ሠሪው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ችኮ ብቻ ነበር። የሚሠራው ሰው ሠራሽ ጥርስ ፀጉር ታህል ከፍ ካለበት ሰብሮ እንደገና ይጀምራል። ደንበኛው «ተስማምቶኛል፣ ተወው በቃ» ቢለው ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። ሳያገባ የቀረውም በዚሁ ምክንያት ነው እያሉ ያሙታል፤ እውነት ሳይሆን አይቀርም።

ይህን ችኮነት ያባሱበት ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው። ሁለቱ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንዲት ጨዋታ ለመጫወት ሲሰናዱ ኖሩ፦ ጠረጴዛ ላይ የሚደረግ ጦርነት፣ ወታደሩ ሁሉ ከአውራ ጣት የማይበልጥ። መምህሩ የሰሜን ዘላኖችን ያዙ፤ ጥርስ ሠሪው የጥንቷን ቻይና፣ የሃን ነገሥታትን ጦር። ሕጉን ያወጡት መምህሩ ናቸው፤ ከመቃብር ቁፋሮ ወይም ከዘመኑ ጽሑፍ ማስረጃ ያልተገኘለት ነገር ጠረጴዛ ላይ አይወጣም። በአንድ ሱሪ ቀለም ብቻ ሦስት ወር ተኳርፈዋል።

ዘንድሮ ጦሩ አለቀ። የመጨረሻዎቹ አርባ ፈረሰኞች የተሠሩት እዚያው ጥርስ ከሚሠራበት ክፍል ነው። አንዱን ከነፈረሱ በሰም ቀረጸ፣ ቅርጹን ወሰደና የቀለጠ ብረት አርባ ጊዜ አፈሰሰበት። ቀለም ቀብቶ ሲጨርስ ፎቶ አንስቶ ለመምህሩ ላከ። መልሱ በማግስቱ መጣ።

«ግሩም ነው። እርካቡን ግን ከየት አመጣኸው?»

ክው አለ። በሃን ዘመን እርካብ የለም፤ ከእነሱ ውድቀት በኋላ የመጣ ነገር ነው። ያውቅ ነበር እኮ። ሰሙን ሲቀርጽ የፈረሰኛው እግር ተንጠልጥሎ ቢያስጠላው፣ እጁ ሳያስበው መርገጫ ሠርቶለት ኖሯል። አንዱ ስህተት በአርባ ፈረስ፣ በግራና በቀኝ፣ ሰማንያ ሆነ።

መምህሩ በዚያው ሰሞን ታመው ከተኙበት ሆስፒታል ወጡ። ድነው አይደለም፤ ሐኪሞቹ ተስፋ ቆርጠው ነው። ባለቤታቸው ሳሎን ውስጥ ትልቁን ጠረጴዛ ዘረጉላቸው፣ እሳቸውም ደወሉ።

«እንዳለ ይዘኸው ና። እርካብ አላየሁም እላለሁ።»

«ጋሼ፣ እርስዎ ስህተት አይተው ዝም ካሉማ ሞተዋል ማለት ነው» ብሎ ሳቀ።

እሳቸውም ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ዞረ። «ቅዳሜ ና» አሉት።

«ሁለት ሳምንት ይስጡኝ። ንጹሕ አድርጌ ነው የማመጣው።»

ዘጠኝ ዓመት ሲቆጡት ኖረው ዛሬ እንደ ሕፃን ያባበሉት መሰለውና ከፋው። በየምሳ ሰዓቱ የጥርስ ሞረዱን ይዞ ተቀመጠ። እርካቡ ከእግሩ ጋር አብሮ የፈሰሰ ነው፤ ትንሽ ከገፉት ተረከዙን ይዞት ይሄዳል። በቀን ሦስት ፈረስ ካጸዳ ተመስገን ነው። አንደኛው ቅዳሜ አለፈ። በሁለተኛው ቅዳሜ ስድስት ፈረስ ቀረው። በሠላሳ አራት ፈረስ ቢዋጋ ማን ይከሰው ነበር? እሱ ግን ደውሎ «አንድ ሳምንት ብቻ» አለ። ስልኩን ያነሱት ባለቤታቸው ነበሩ። «እሺ፣ እነግረዋለሁ» ብለው ዘጉት።

ሐሙስ ዕለት መምህሩ አረፉ።

ከቀብር በኋላ ጦሩን በካርቶን ጭኖ ወደ ቤታቸው ሄደ፤ ቢያንስ ባለቤታቸው ይዩት ብሎ። ገና ከመቀመጡ ባለቤታቸው ሌላ ሣጥን አምጥተው ጭኑ ላይ አኖሩለት።

«ዘላኖቹን ላንተ ብሏል።»

ከፈተው። ከፊት የተሰለፉት ሦስት ፈረሶች ጎን ላይ ሽቦ ተለጥፏል። ሙጫው ተዝረክርኳል፣ አንዱ ሽቦ ተጣሟል፤ የመምህሩ እጅ እንዲህ አይሠራም። አቅርቦ አየው። እርካብ ነው። ዘላኖቹም በዚያ ዘመን እርካብ አልነበራቸውም።

«ምንድን ነው ይሄ፣ እትዬ?»

«‹እኔም እንደ እሱ ካጠፋሁ ምን ሰበብ ይኖረዋል፣ ይመጣል› አለ። ሽቦውን የቆረጥኩለት እኔ ነኝ። ሦስት ሠርቶ እጁ እምቢ አለው።» ሻርፓቸውን አስተካከሉ። «ሁለቱንም ቅዳሜ ጢሜን ላጪኝ ብሎኝ ነበር።»

ጥርስ ሠሪው ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም። አርባዎቹ ፈረሶች እግሩ ሥር በካርቶናቸው ነበሩ፤ አንድም ስህተት አልነበረባቸውም። አፈረባቸው።