የታንዮ ሙት ዓመት

ዶብሪንካ በቡልጋሪያዋ ካዛንላክ ከተማ፣ በአንዲት ትንሽ ማተሚያ ቤት የሟች ፎቶ ያለበት የሐዘን ማስታወቂያ ማዘጋጀት ከጀመረች ሃያ ስድስት ዓመት ሆኗታል። ለቀብሩ አንድ፣ ለአርባው ሌላ፣ ለመንፈቁ ሌላ፣ ለሙት ዓመቱ ደግሞ ሌላ ይታተማል፤ በሟቹ ቤት በርም በአውቶቡስ ፌርማታውም ይለጠፋል። እናም የከተማው ሟች ሁሉ ፎቶው እሷ ኮምፒውተር ውስጥ ነበር።

ነበር! አዲሱ ባለቤት ካሎያን ከሶፊያ መጥቶ «ሥራቸው ያለቀ ፋይሎች ናቸው» ብሎ እስኪያጠፋቸው ድረስ። የሟች ሥራ አለቀ ይባላል? እሷ በየወሩ ፋይሎቹን የምትገለብጥበትን ዲስክም «ይሄ የድሮ ነገር ነው» ብሎ ጥሎታል።

ሰኞ ጠዋት እማማ ራይና መጡ። የባላቸው የታንዮ ሙት ዓመት ቅዳሜ ነው። የነበራቸው አንድ የሠርግ ፎቶ ነው፤ እሱንም ዶብሪንካ ስካን ካደረገችው በኋላ፣ ብቻውን አይሂድ ብለው ከኮቱ ኪስ ከተው ቀብረውታል። በራቸው ላይ የቀረውን ማስታወቂያ ደግሞ ፀሐይና ዝናብ በልቶት ከፎቶው ኮሌታው ብቻ ነው የሚታየው።

ዶብሪንካ ፎቶውን ኮምፒውተሩ ውስጥ ፈለገች፤ የለም። ኢንተርኔት ላይ ያለውን ማስቀመጫ ከፈተች፤ እዚያም የለም።

«ካሎያን! ባክአፕ አለ አላልከኝም?»

«አለ እንጂ እትዬ! ሲንክ ይደረጋል። ያው ነው።»

«ያው ነው? ባክአፕ እኮ እዚህ ቢጠፋ እዚያ የሚተርፍ ነው! የአንተ ሲንክ እዚህ ያጠፋኸውን ተከትሎ እዚያም ያጠፋል። መቼ ነው ያጠፋኸው?»

«በፋሲካ ሰሞን… የተሰረዘው ሠላሳ ቀን ብቻ ነው የሚቆየው፤ እሱም አልፏል። አይቆጡ እትዬ፣ አንድ ፎቶ እኮ ነው።»

«አፍህን ዝጋ! እስቲ የእናትህ ፎቶ ይሁንና ድገመው!»

«ተዪው ልጄ፣» አሉ እማማ ራይና ቀስ ብለው። «ያለ ፎቶ ጻፊው። እኔማ ዓይኔን ስጨፍን አየዋለሁ። ባለፈው ወር የልጅ ልጅ ተወልዶልን ታንዮ ብለነዋል። አያትህ ይሄ ነው ልለው ነበር።»

ዶብሪንካ የታንዮን ስም ጻፈች። ካሎያን ባዶ በቀረው የፎቶው ቦታ ላይ መስቀል እናድርግ ቢላት ቱግ አለች።

«አይደረግም! ባዶውን ይለጠፍ። የሚለጥፈውም አንተ ነህ፤ ፎቶው የት ሄደ ብሎ ለሚጠይቅህ ሁሉ መልስ ስጥ!»

ቅዳሜ ጠዋት ካሎያን ወረቀቱን በራቸው ላይ እየለጠፈ ሳለ እማማ ራይና ሕፃኑን ታቅፈው ወጡ። ባዶውን አራት ማዕዘን በጣታቸው እያሳዩት፣

«ይሄውልህ አያትህ» አሉት።